ካምቢዮው ሳይታመም ዘይቱን መቀየር

«ካልነካኸው አይነካህም።»

ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በየጋራዡ በብዛት የሰማሁት ምክር ይሄ ነው። ሰው መኪናውን ይዞ ይሄዳል። «የካምቢዮውን ዘይት ልቀይረው ወይ?» ይላል። መካኒኩ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። «ተወው፤ ከቀየርከው ያበቃለታል።» እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሊያታልሉን ፈልገው አይደለም። ያዩትን ነው የሚነግሩን። ዘይቱ በተቀየረ በሳምንቱ አልሄድ ያለ መኪና በእርግጥ አለ። እኔም አንድ ሁለት አውቃለሁ። ምክሩ ግን ትክክል አይደለም። እንዲያውም ብዙ ካምቢዮ የሚጨርሰው ይሄው ምክር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንደሆነ ለማየት ዘይቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሞተር ዘይት በጣም ይለያል። ማኑዋል መኪና ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። አውቶማቲክ ላይ በዚያ ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ እንደ ዱባ የተድበለበለ ዕቃ አለ። ውስጡ ዘይት ሞልቶበታል። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አቁማችሁ አንዱን ብቻ ብታበሩት ነፋሱ ሌላኛውን ቀስ እያለ ያዞረዋል። እዚህም እንደዚያው ነው። ሞተሩ አንዱን ወገን ያዞራል፣ የተወረወረው ዘይት ሌላኛውን ይገፋል። ስለዚህ ከመብራት ተነስታችሁ ስትሄዱ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያሻግረው ዘይቱ ነው።

ማርሽ የሚቀይረውም እሱ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋዋል። ቫልቭ ቦዲ የሚባለው፣ ውስጡ በቀጫጭን ቦዮች የተሞላ ዕቃ ደግሞ ግፊቱን ወደሚፈለግበት ይመራዋል። ግፊቱ ትንንሽ የፍሪሲዮን ሸራዎችን አንድ ላይ ያጣብቃል። በዚህ ጊዜ ማርሹ ይያዛል። በዚያ ላይ ዘይቱ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል።

የሚከብደው ሥራ ግን ሌላ ነው። ይሄ ዘይት ብረቱን ማንሸራተት አለበት፤ ሸራው ላይ ሲደርስ ደግሞ በልክ እንዲይዝ ማድረግ አለበት። ሁለቱን ተቃራኒ ነገር በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ማስማማት ቀላል አይደለም። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሲባል የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመርበት ነበር። ዓሣ ነባሪዎቹ በሕግ ሲጠበቁ ኬሚስቶች ምትክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩት ዘይቱ ውስጥ የሚጨመሩ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ናቸው። ዘይቱ አረጀ ስንል በዋናነት እነዚህ ኬሚካሎች አለቁ ማለታችን ነው። ዘይቱ ሊትሩ ሳይጎድል ሊያረጅ ይችላል።

የሚያስረጀው ደግሞ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ሙቀት ነው። ጤነኛ ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ይሠራል። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል የባለሙያዎች ግምታዊ ስሌት አለ። ሙቀቱ ከየት ይመጣል? በዲ ማርሽ ፍሬን ረግጣችሁ ስትቆሙ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ግን ቆሟል። ልዩነቱን የሚውጠው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ስለዚህ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት የሚነዳ ሰው በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ጥቂት ነው የሚያስመዘግበው፤ ዘይቱን ግን ክፉኛ ያሠራዋል። ወደ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ የሚወጣው ዳገትም አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ደግሞ በአንድ ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለትና ያንኑ ያህል ዳገት ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ያንን ዳገት የወጣ ካምቢዮ ምን ያህል እንደሚግል መገመት አያቅትም። ዲሲ አካባቢ ታክሲና ኡበር የምትሠሩ፣ ወይም በሐምሌና በነሐሴ የውጭው አየር ራሱ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት በገልፍ አገሮች የምትነዱም እዚሁ መደብ ውስጥ ናችሁ።

መኪና አምራቾች «ከባድ አጠቃቀም» የሚሉት ይሄን ነው። መመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ትንሽ በሚያሳስት መንገድ ይጽፉታል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጣቸው በርካታ ሞዴሎች በተለመደ አጠቃቀም የካምቢዮ ዘይት የሚቀየርበት ቀን አያስቀምጥም። ተጎታች ለሚጎትት ወይም ከባድ ጭነት ለሚጭን ግን በየ60,000 ማይሉ፣ ማለትም ወደ 96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቀይሩ ይላል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ዘይቱን «የዕድሜ ልክ» ብለው ይጠሩታል። የማን ዕድሜ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጀርመናዊው ዜድ ኤፍ ለቢ ኤም ደብሊውና ለሌሎችም ካምቢዮ ይሠራል። ቢ ኤም ደብሊው በእነዚያው ካምቢዮዎች ውስጥ ያለውን ዘይት የዕድሜ ልክ ሲለው፣ ካምቢዮውን የሠራው ዜድ ኤፍ ራሱ ግን እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር፣ ቢዘገይ በ8 ዓመት ቀይሩ ብሏል። እኔ የማምነው ዕቃውን የሠራውን ነው።

ይሄ ጉዳይ ለኛ አሁን የበለጠ ይመለከተናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል። ካምቢዮ አውርዶ ማደስ የሚጠይቀውን ወጪ የቀመሰ ያውቀዋል።

አሁን ወደ «ካልነካኸው» እንመለስ። አንድ ሰው የካምቢዮ ዘይት ሊቀይር የሚመጣው መቼ ነው? አብዛኛው ሰው የሚመጣው ችግር ካየ በኋላ ነው። ማርሹ መንሸራተት ሲጀምር፣ ዲ አስገብቶ መኪናው ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲያስጠብቀው፣ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ብቻ ሲጮህ። በዚያ ሰዓት ሸራዎቹ ተበልተዋል። የተበላው ዱቄት ዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ የቀረውን ሸራ ትንሽ እንዲይዝ ይረዳዋል ይባላል። አዲስ ንጹሕ ዘይት ሲገባ ያ ዱቄት ይወጣል፤ መንሸራተቱም ሊባባስ ይችላል። እስከዚህ ድረስ መካኒኮቹ እውነት አላቸው። ነገር ግን ካምቢዮው የሞተው ዘይቱ በተቀየረ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ዘይቱ ሳይቀየር ባለፉት ዓመታት ሲሞት ቆይቷል። በሽተኛው በመጨረሻው ሰዓት ሆስፒታል ደርሶ ቢሞት፣ ሆስፒታሉ ነው የገደለው አንልም።

ዘይቱን በጊዜ የቀየሩት ሰዎች መኪና ደግሞ ጋራዥ አይታይም። ምንም ስላልሆነ ስለ እሱ የሚያወራ የለም። መካኒኩ የሚያየው የታመሙትን ብቻ ነው። ከታመሙት ተነስቶ ለጤነኞቹ ሕግ ያወጣል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ዘይት መቀየር ለካምቢዮ እንደ ክትባት ነው፤ ከታመመ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት አድርገን ስንይዘው ነው የሚያሳዝነን።

ከዚህ ውጭ የሚሆን አንድ ነገር ላንሳ። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዱ መኪናው ሻካራ አስፋልት ላይ የሚሄድ ይመስል ለአንድ አፍታ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፍሪሲዮን ነው። እዚህ ላይ ዘይት መቀየር ብቻውን ሲያስተካክለው ይታያል። ስለዚህ ይህን ምልክት ያየ ሰው ተስፋ ቆርጦ ካምቢዮ ወደ ማስወረድ አይሂድ።

እንግዲህ መቼ? የኔ አቋም ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ መደበኛ አውቶማቲክ ከ40,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም 4 ዓመት፣ የቀደመው። ለሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በብረት ቺንጋ ለሚሠራው አውቶማቲክ) 40,000 ቢሆን እመርጣለሁ። ያገለገለ መኪና ከገዛችሁና ታሪኩን ካላወቃችሁ ቆጣሪውን አትመኑ፤ ስንቱ ወደ ኋላ ተመልሷል። ካምቢዮው በደንብ የሚሠራ ከሆነ ከዜሮ እንደጀመራችሁ ቁጠሩትና ዘይቱን ቀይሩ።

ዘይቱ ራሱም ይናገራል። መለኪያ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ በሰፊው ከተዘረጋ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ከቀረ መቀየሪያው ደርሷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ጥብስ ሽታ ካለውና መኪናው ከተንሸራተተ ከመቀየር በፊት ካምቢዮ የሚያውቅ ሰው ይየው። ጠቁሮ ግን ማርሹ እንደ ውኃ የሚቀያየር ከሆነ አትፍሩ፤ ቀስ በቀስ ቀይሩት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ። ዘይቱ እንደ እንጆሪ ወተት ሮዝ ሆኖ ከደፈረሰ ደግሞ መኪናውን አቁሙት። የካምቢዮው ማቀዝቀዣ በብዙ መኪኖች ራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ሲሰነጠቅ ውኃውና ዘይቱ ይቀላቀላሉ። ውኃ የነካው ሸራ ይላላጣል። በዚያ ሁኔታ እስከ ቤት እንኳ አትንዱት።

አሁን ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፦ የትኛው ዘይት?

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለች ቪትዝ ገዛ። ከኔ ሰምቶ ይሁን ከሌላ፣ የካምቢዮ ዘይት ሊቀይር አንድ ጋራዥ ገባ። በርሜል ውስጥ ያለ ቀይ ዘይት ቀድተው ሞሉለት። «ለሁሉም የሚሆን ነው» አሉት። በሁለተኛው ቀን መኪናዋ ስትነሳ መንቀጥቀጥ፣ ዳገት ላይ ማልቀስ ጀመረች። ደውሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ሲቪቲ ናት ወይስ መደበኛ?» ብዬ ነው። አያውቅም። ጋራዡም አልጠየቀውም። ሲቪቲ ነበረች።

ሲቪቲ ማርሽ የሚባል ነገር የለውም። በሚጠብና በሚሰፋ በሁለት ሾጣጣ ብረቶች መካከል የሚዞር የብረት ቺንጋ ነው ያለው። ብረት በብረት ላይ ሳይንሸራተት እንዲይዝ ለዚያ የተቀመመ ዘይት ይፈልጋል። መደበኛው ቀይ ዘይት ሲገባ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ብረቱን ይጭራል፣ የተጫረ ብረት አይመለስም። የአክስቴ ልጅ ቶሎ ስለደወለ ሁለት ሦስት ጊዜ በትክክለኛው ዘይት አጥበን ተረፈች። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ አይቀናውም።

ቪትዝና ያሪስ ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው። ከላይ ሲያዩዋቸው እህትማማች ናቸው። ነገር ግን ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ሁለተኛዋ ትውልድ ቪትዝ በብዛት ሲቪቲ ናት። ለገልፍ ተሠርታ በዱባይ በኩል የመጣችው ያሪስ ደግሞ ባለ አራት ማርሽ መደበኛ አውቶማቲክ ናት። ስለዚህ «ጓደኛዬ ያሪሱ ላይ ይሄን አድርጓል» ብሎ ቪትዝ ላይ መሙላት አይቻልም።

መደበኛ አውቶማቲክ ውስጥም ልዩነት አለ። ቶዮታ ቀድሞ ቲ ፎር የሚባል ዘይት ነበረው፤ በኋላ ደብሊው ኤስ የሚባለውን አመጣ። ደብሊው ኤስ ቀጠን ይላል። ቶዮታ አንዱን በሌላው ቦታ አትተኩ ይላል። ሆንዳ የራሱ አለው፣ ኒሳን የራሱ፣ ሀዩንዳይም እንደዚያው። የመኪናችሁን ለማወቅ መመሪያ መጽሐፉን እዩ። መጽሐፉ በጃፓንኛ ከሆነ ወይም ከጠፋ የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ አውጡና ላዩን ጠርጉ፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የዘይቱ ስም እዚያው ተቀርጿል። ዘንግ ከሌለው በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ይቻላል፤ ሶማሌ ተራ ያሉ ጥሩ መለዋወጫ ሻጮች ያውቁበታል።

ሱቅ ላይ የምታዩት «ዴክስሮን 3» የሚል ጽሑፍም አያታልላችሁ። ዴክስሮን የጄኔራል ሞተርስ ስም ነው። ድርጅቱ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት ያቆመው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ የሚሸጠው ጠርሙስ ላይ ያ ስም ቢኖርም የመሰከረለት ባለቤቱ የለም፤ የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ክፍት በርሜል ውስጥ ካለ ዘይት ደግሞ ራቁ። ማኅተሙ ያልተነካ ዕቃ ግዙ፤ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት።

አሠራሩን በተመለከተ እኔ የምመርጠው ቀላሉን መንገድ ነው፦ ከሥር ባለው ብሎን ማፍሰስና የፈሰሰውን ያህል መሙላት። ይሄ መንገድ ሁሉንም ዘይት አያወጣም። ቶርክ ኮንቨርተሩና ቫልቭ ቦዲው ውስጥ ያለው ይቀራል። ካምቢዮው 7 ሊትር ይዞ 3 ሊትር ብቻ ይፈሳል እንበል። አንድ ጊዜ ስትቀይሩ 43 በመቶው አዲስ ይሆናል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ስትደግሙት 67 በመቶ ይደርሳል። ሦስተኛው ላይ 81። ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር ለቆየ ካምቢዮ ይሄ ዝግታ ጥቅም ነው፤ አሮጌው በአንዴ ተጠርጎ አይወጣም፣ ካምቢዮውም ቀስ ብሎ ይለምደዋል። በማሽን በግፊት ማጠብን፣ በተለይ ማጠቢያ ኬሚካል የሚጨመርበትን፣ ያረጀ ካምቢዮ ላይ አልመክርም። የተቀመጠውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ቀጫጭኖቹን ቦዮች ሊደፍን ይችላል።

ጋራዥ ስትሄዱ አጠገቡ ቁሙና ሦስት ነገር ተከታተሉ። አንደኛ፣ ከማፍሰሻው በፊት መሙያው መከፈቱን። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ዘይቱ ፈስሶ መኪናው እዚያው መቅረቱ ነው። ሁለተኛ፣ የሚፈታው የካምቢዮው ብሎን መሆኑን። የሞተር ዘይት ሊቀይሩ ገብተው የካምቢዮውን ያፈሰሱ አሉ፤ ሞተሩ ላይ ደግሞ ድርብ ዘይት ይሞላሉ። ሦስተኛ፣ የፈሰሰው ዘይት ሊትር ባለው ዕቃ መለካቱን። 3 ሊትር ከወጣ 3 ሊትር ነው የሚገባው። ቤት ውስጥ ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር በጭራሽ አትግቡ።

የዘይት መያዣው ከወረደ ውስጡ ማግኔቶች ታገኛላችሁ። ላያቸው ላይ ግራጫ፣ እንደ ቅባት የላመ ነገር መኖሩ የተለመደ ነው። የብረት ስንጥር ወይም የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካለ ግን ውስጥ የተሰበረ ነገር አለ። ፎቶ አንሱት። ፊልትሮውም በዚሁ አጋጣሚ ይታይ።

መጠኑን መለካት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። መለኪያ ዘንግ ላላቸው አብዛኞቹ መኪኖች የሚለካው ካምቢዮው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ እስከ መጨረሻው አውርዳችሁ መልሱት፣ ከዚያ ዘንጉን አውጡ። ሆንዳ ላይ ግን ሞተሩ በጠፋ ወዲያው ነው የሚታየው። ዘንግ የሌላቸው ቶዮታዎች ከሥር በትርፍ ማፍሰሻ ብሎን ይለካሉ፤ የዘይቱ ሙቀት በብዙዎቹ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን። ለዚህ ሙቀቱን የሚያነብ የኮምፒውተር መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል። ዘይት ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ማርሹ ይንሸራተታል። ሲበዛም አይጠቅምም፤ የሚሽከረከሩት ዕቃዎች ይመቱትና አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም።

ሲያልቅ ሁለት ቀን ነድታችሁ ጠዋት መኪናው ቆሞ ያደረበትን መሬት እዩ፤ የሚንጠባጠብ ካለ ብሎኑ አልጠበቀም ወይም ዋሸሩ አልተቀየረም። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የገባውን ዘይት ስምና ስንት ሊትር እንደገባ ጻፉና ኮፈኑ ሥር ለጥፉት። መኪናውን ስትሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።